ከቡናው ጋራ የማይጓዘው ዕውቀት

«የአቅርቦት ሰንሰለት» የሚባለው ነገር በንግድ ትምህርት ክፍላችን ዘወትር ይነሣል። ትርጓሜው አስቸጋሪ አይደለም፤ አንድ ዕቃ ከተመረተበት ስፍራ ተነሥቶ በመጨረሻው ተጠቃሚ እጅ እስኪገባ ድረስ የሚያልፍባቸው እጆች ሁሉ በአንድነት ሲታሰቡ ሰንሰለት ይባላሉ። «ዘላቂ» የሚለው ቅጽል ሲጨመርበት ደግሞ፥ ይህ መተላለፍ መሬቱን ሳያራቁት፥ ደኑን ሳያጠፋ፥ የሚሠራውንም ሰው ሳያስርብ ለሚመጣው ትውልድ ጭምር ሊቀጥል የሚችል መሆን አለበት ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ያለውን የመማሪያ መጻሕፍቱ በደንብ ያስረዳሉ። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ከዕቃው ጋራ አብሮ መጓዝ ስለሚገባው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ዕቃው ያለው ዕውቀት ነው። ምሳሌዬም ቡና ነው። ቡናን የመረጥሁበት ምክንያት፥ አንደኛ አገራችን ወደ ውጭ ከምትልካቸው የእርሻ ውጤቶች ዋናው ስለ ሆነ፥ ሁለተኛም ተወልጄ ያደግሁት በጌዴኦ ምድር ስለ ሆነ ከመጽሐፍ ያልተገኘውንም ለመጨመር ስለምችል ነው።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ወደ አገሬ በሄድሁ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችንን ቡናቸውን ሲለቅሙ አገኘኋቸውና፥ «አባባ፥ ይህ ቡና እስከ የት እንደሚደርስ ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እስከ ማጠቢያው ድረስ አውቃለሁ» አሉኝ። «ከዚያስ ወዲያ?» ብላቸው፥ «ከዚያ ወዲያማ ቡናው ይሄዳል እንጂ እኔ አልሄድ፥ ልጄ!» ብለው ሳቁ። ስለ ቡናው ራሱ ስጠይቃቸው ግን ነገራቸው የሚያልቅ አልሆነም። ኩሩሜ የሚሉት ዛፍ ፍሬው ትንንሽ እንደ ሆነ፥ ወሊሾ የሚሉት ተለቅ ያለ ፍሬ እንደሚሰጥ፥ የታችኛው ማሳ ከላይኛው ቀድሞ እንደሚቀላ፥ በየትኛው ዛፍ ጥላ ሥር ያለው ቡና ዘግይቶ እንደሚደርስ፥ ይህን ሁሉ እየዞሩ አሳዩኝ። አንዳንዱን ነገር ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው ግን በቃል ማስረዳት አልቻሉም፤ እጃቸው ብቻ ያውቀዋል።

ይህን ዐይነቱን ነገር ሊቃውንት ስም ሰጥተውታል። ትውልዱ ከሀንጋሪ የሆነው ማይክል ፖላኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የሰው ዕውቀት ሁሉ በቃል ተዘርዝሮ የሚያልቅ እንዳልሆነ አስረድቷል። ኖናካና ታኬውቺ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን መምህራን ደግሞ በ1995 ይህንኑ ሐሳብ ወደ ኩባንያ ሥራ አምጥተው፥ በሠራተኛው እጅ ያለው ዕውቀት ወደ ጽሑፍ መለወጥ፥ የተጻፈውም ተመልሶ ወደ ሌላው ሠራተኛ እጅ መግባት እንዳለበት ጻፉ። «የዕውቀት አያያዝ» የሚባለው ትምህርት በብዛት የቆመው በዚህ መዞር ላይ ነው። ነገር ግን እነርሱ የተመለከቱት በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ የሚሠራ ኩባንያን ነው። ቡና በአንድ ግቢ ውስጥ አይሠራም፤ ገበሬው፥ ሰብሳቢው፥ የማጠቢያው ባለቤት፥ ቀማሹ፥ ላኪውና በባሕር ማዶ ያለው ቆዪ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ፥ አንዳንድ ጊዜም የአንዱ ትርፍ የሌላው ጉዳት የሚሆንባቸው ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ዕውቀቱ በእነዚህ መካከል እንዴት ይዞራል የሚለውን ለመረዳት ቡናውን ተከትለን እንሂድ።

ሽማግሌው የለቀሙት ቀይ እሸት በጆንያ ሆኖ ወደ መሰብሰቢያው ይወርዳል፤ ከዚያም በጭነት መኪና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይሄዳል። እሸቱ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ይኖርበታል፤ ካደረ በራሱ መብላላት ይጀምራልና። በጣቢያው በር በሚዛን ይመዘናል፥ የገበሬው ስምና ኪሎው በመዝገብ ላይ ይሰፍራል፥ ወዲያውም ከሌሎች ገበሬዎች እሸት ጋራ በአንድ ገንዳ ይገለበጣል። በዚህች ደቂቃ የአንድ ገበሬ ቡና የሚባለው ነገር አበቃ። ስለዚህም ማንንም ለመውቀስ አይቻልም፤ 1 ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ የሚሆን ቀይ እሸት ያስፈልጋል፥ የአገራችን ቡናም ከመቶው ከ90 የሚበልጠው የሚመጣው ከትንንሽ ገበሬዎች ነው። የእያንዳንዱን ለብቻ ማጠብ ከወጪው የተነሣ ከቶ የማይሆን ነው።

ከመፈልፈያው የወጣው ፍሬ በላዩ ያለው ልጋግ እስኪለቅ ድረስ እንደ አየሩ ሁኔታ አንድ ወይም ሁለት ቀን በማብላያ ገንዳ ይቈያል። መብቃቱን የሚያውቀው በገንዳው አጠገብ የሚሠራው ሰው ነው፤ ፍሬውን በእጁ ያሽና ሻካራ ሆኖ ሲሰማው «በቅቷል» ይላል። ሰዓት አይቶ አይደለም። ከዚያ ቡናው ታጥቦ በአጣናና በሽቦ በተሠራ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ እርጥበቱ ከመቶ ወደ 11 ወይም 12 እስኪወርድ ድረስም እየተገላበጠ ይደርቃል። ትጉህ የሆነ የጣቢያ ኃላፊ የየቀኑን ቡና ለየብቻው አስቀምጦ፥ በየትኛው ቀን ከየትኛው መንደር እንደ ገባ፥ ስንት ሰዓት እንደ ተብላላ፥ ዝናብ እንደ ነበረ ወይም እንዳልነበረ በደብተር ይጽፋል። ትጉህ ያልሆነው ደግሞ አይጽፍም፤ ሁለቱም ቡናቸውን በአንድ ዐይነት ጆንያ ይጭናሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው የጉዞ ክፍል በአገራችን ብዙ ጊዜ ተለውጧል። ቀድሞ ቡና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በጨረታ ይሸጥ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ በ2001 ዓ.ም. ቡናም በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ሆነ። በዚህ ሥርዓት ቡናው እንደ ዲላ፥ ሐዋሳ፥ ጅማና ጊምቢ ባሉ ስፍራዎች ባሉት መጋዘኖች ሲደርስ ናሙና ይወሰድለታል፤ ናሙናውም ከመቶ ይታረማል። 40 ለጥሬው ቡና መልክና ንጽሕና፥ 60 ለቅምሻው ይሰጣል። በዚህም መሠረት የአካባቢ ስምና የደረጃ ቍጥር ይወጣለታል። ከዚህ በኋላ ላኪው የሚገዛው ይህን ስምና ይህን ቍጥር ነው እንጂ የእገሌን ማጠቢያ ቡና አይደለም። በቀጥታ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየኖችና ትልልቅ የቡና እርሻዎች ብቻ ከዚህ ውጭ ነበሩ።

ስለ ምርት ገበያው በትምህርት ክፍላችን ሁለት ዐይነት ወሬ ይሰማል፤ አንዱ ወገን ያመሰግነዋል፥ ሌላው ያማርርበታል። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም እውነት አላቸው፥ የሚናገሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ነው። ምርት ገበያው የዋጋን ዕውቀት አሰፋ፤ የዕለቱ ዋጋ ለሕዝብ የሚገለጽ ሆነ፥ ለሻጩም ገንዘቡ በማግስቱ ሊከፈለው ቻለ። ቀድሞ ነጋዴው ብቻ የያዘውን ምስጢር ገበሬው ሊሰማው መቻሉ ትንሽ ነገር አይደለም። በዚያው ጊዜ ግን የመነሻን ዕውቀት አጠፋ። የተለያዩ ማጠቢያዎች ቡና በአንድ ስምና ቍጥር ሥር ሲቀላቀል፥ በባሕር ማዶ ያለው ቆዪ የወደደውን ቡና በሚመጣው ዓመት እንደ ገና ለማግኘት መንገድ አልነበረውም። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 በጻፈው በታወቀው ጥናቱ እንዳስረዳው፥ ገዢው መልካሙን ከመጥፎው መለየት ባልቻለ ጊዜ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፥ መልካሙን የያዘውም ሰው ከገበያው ይሸሻል። የደረጃው ቍጥር ይህን አደጋ በከፊል ይከላከላል፤ ነገር ግን ቍጥሩ የሚከፍለው ለሚታየውና ለሚቀመሰው ብቻ ነው። ዛፉን ሳይቈርጥ፥ የማጠቢያውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ወንዝ ሳይለቅ የሠራ ሰው፥ ይህ ድካሙ በጽዋው ውስጥ አይቀመስለትም።

የመነሻ ዕውቀት መጥፋት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የታየው ግን ምርት ገበያው ቡና ማገበያየት ከመጀመሩ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው፤ ስለዚህ በሽታው ቆየት ያለ ነው ማለት ይቻላል። በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የሆነ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አገኘች። ዲ.ዲ.ቲ.ና ሊንዴን ከተገኙት መካከል ነበሩ። በዚያን ጊዜ ጃፓን ከቡናችን ትልልቅ ገዢዎች አንዷ ስለ ነበረች ንግዱ በአንድ ጊዜ ወደቀ። የሚያስደንቀው ነገር፥ የአገራችን ትንንሽ ገበሬዎች አብዛኞቹ በቡናቸው ላይ መድኃኒት የማይረጩ መሆናቸው ነው። በኋላ በተደረገው ምርመራ ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ያ ጆንያ በየትኛው መጋዘን እንደ ቆየ፥ ቀድሞ ምን እንደ ተጫነበት፥ የማን ቡና እንደ ገባበት የሚያሳይ ሰነድ ቢኖር ኖሮ የሚመለሰው ያ ጭነት ብቻ በሆነ ነበር። ሰነድ ስላልነበረ ግን የተፈረደው በጠቅላላው የአገሪቱ ቡና ላይ ሆነ፤ መድኃኒት በዐይኑ አይቶ የማያውቀውም ገበሬ ከቅጣቱ ተካፈለ።

በ2009 ዓ.ም. የወጣው ስለ ቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር የሚናገረው ዐዋጅ ቍጥር 1051 መነሻው የታወቀ ቡና በቀጥታ የሚሸጥበትን በር ሰፋ አድርጎ ከፈተ። ይህ መልካም ነው፤ ስለ እርሱ ግን ብዙ ስለ ተጻፈ አልፈዋለሁ።

እስከ አሁን የተናገርሁት ከገበሬው ወደ ገዢው ስለሚሄደው ዕውቀት ነው። ለእኔ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ በሌላው አቅጣጫ ያለው ነው፤ ይኸውም ከቀማሹ ወደ ገበሬው መመለስ ሲገባው የማይመለሰው ነው። በዚያው በዕረፍት ጊዜ አንድ ማጠቢያ ጣቢያ ሄጄ ኃላፊውን አነጋገርሁ። ሰውየው ደግ ነው፥ የጠየቅሁትን ሁሉ ነገረኝ። ከወረቀቶቹም መካከል ካለፈው ዓመት የቀረ የቅምሻ ውጤት አሳየኝ፤ የአንድ ሳምንት ቡና ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ከመጠን ያለፈ መብላላት ተገኝቶበት ደረጃው ዝቅ ብሏል። «ይህ ለገበሬዎቹ ተነግሯቸዋል?» ብለው፥ «እነርሱ በዚህ ምን ይሠሩበታል?» አለኝ። ሳምንቱን በደብተሬ ጽፌ ወጣሁ።

ማታ ለሽማግሌው ጎረቤቴ ነገሩን ባነሣባቸው ጥቂት አሰቡና፥ «በዚያ ሳምንት እኮ ድልድዩን ጎርፍ አበላሽቶት መኪናው ሁለት ሌሊት አልመጣም ነበር። እሸቱ በጆንያ እንደ ታጨቀ መሰብሰቢያው ላይ አደረ። እጅህን ብታገባበት ይሞቅ ነበር» አሉኝ። እንግዲህ ሕመሙን የሚያውቀው ቀማሹ ነበር፥ ምክንያቱን የሚያውቁት ሽማግሌው ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለው ሰው ሁለቱንም ሊያገናኝ የሚችል ወረቀት በመሳቢያው ውስጥ ይዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምን ተደረገ? የማብላያው ሠራተኛ ጥፋቱ የእርሱ መስሎት በሚቀጥለው ዓመት ቡናውን ከጊዜው በፊት ማውጣት ጀመረ። መሰብሰቢያው ግን ዛሬም ጣራ የለውም፤ መኪናው ቢቀር እሸቱን ዘርግቶ ለማሳደር የሚሆን አንድ አልጋ እንኳ አልተሠራበትም።

ዕውቀት ሄዶ ከተመለሰ ምን እንደሚሠራ ለማየት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬን የሚያጠቃው በሽታ በአገራችን ታየ፤ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እያጠቈረ ያረግፈው ነበር። በጅማ ያለው የምርምር ማዕከል ሰዎች መድኃኒት በመርጨት ብቻ አልተወሰኑም፤ በሽታው በጠናበት ስፍራ ሳይታመሙ የቆሙትን ዛፎች በገበሬው ማሳና በደኑ ውስጥ እየዞሩ ፈለጉ። ከእነዚያም እናት ዛፎች ዘር ወስደው ከፈተኑ በኋላ ተመልሶ ለገበሬው ችግኝ እንዲሆን ሰጡ። ዛሬ በብዙ ስፍራ የሚተከሉት 74110ና 74112 የሚባሉት ዐይነቶች ከዚህ ሥራ የተገኙ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞችም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 መመረጣቸውን ያመለክታሉ። ቍጥሩን የሚያነብ ሰው ዛፉ የተመረጠበትን ዘመን ያውቃል ማለት ነው። አንድ የቡና ጆንያ ይህን ያህል እንኳ ስለ ራሱ አይናገርም።

አሁን ደግሞ ነገሩን አስቸኳይ የሚያደርግ አንድ ሕግ ከውጭ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት በሰኔ 2015 ዓ.ም. ያጸናው ደንብ፥ ቡናን ጨምሮ የተወሰኑ ዕቃዎች ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀሉ ከሆኑ ወደ ኅብረቱ አገሮች እንዳይገቡ ይከለክላል። አስመጪውም እያንዳንዱ ቡና የበቀለበትን መሬት በምድር ላይ ያለበትን ነጥብ እስከ ስድስት የነጥብ ቤት ድረስ በቍጥር ማሳየት አለበት። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ መሬት አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ለበለጠው ዳር ድንበሩ በሙሉ መለካት ይኖርበታል። ደንቡ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ እንዲውል ታስቦ የነበረ ሲሆን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ቢራዘምም ላኪዎች ከአሁኑ ማሳ ማስለካት ጀምረዋል፤ ጀርመንን የመሰሉ ትልልቅ የቡናችን ገዢዎች ያሉት በዚያ ነውና።

የሕጉን ዓላማ የሚቃወም ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። አፈጻጸሙ ግን ከዚህ በላይ ከገለጽሁት ሰንሰለት ጋራ ሲገጣጠም አንድ ከባድ ነገር ያመጣል። መነሻው ያልታወቀ ቡና መነሻው ከታወቀው ጋራ ከተቀላቀለ ጭነቱ በሙሉ አይገባም። ቀድሞ በገንዳው ውስጥ መቀላቀል ለትንሹ ገበሬ መጠጊያ ነበር፤ ጥቂት ኪሎው ከብዙው ጋራ ሆኖ ባሕር ይሻገርለት ነበር። አሁን ግን መሬቱ ያልተለካ የአንድ ሰው አንድ ጆንያ እሸት የሦስት መቶውን ጎረቤት ቡና ሊያስጥል ይችላል ማለት ነው። የማጠቢያው ባለቤት በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት አያዳግትም። ያልተለካውን ሰው ከበሩ ይመልሰዋል። የሚመለሰውም ደን የመነጠረው ሳይሆን፥ ለኪዎቹ በመጡ ጊዜ ለቅሶ ሄዶ የነበረው ወይም መንገድ የማይደርስበት ቀበሌ ያለው ሰው ነው።

ሁለተኛው ችግር የእኛ የጌዴኦዎች የብቻችን ሊሆን ምንም አይቀረው። በእኛ አገር ቡናው በእንሰት መካከል ይበቅላል፥ በላዩም ወንዛና ብርብራ የመሳሰሉ ትልልቅ ዛፎች ጥላቸውን ይጥላሉ። ይህ አያያዝ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከሰማይ ሆኖ በሳተላይት የሚያይ ዐይን ግን የሚያየው የዛፎቹን ጫፍ ብቻ ነው፤ ማሳውን ከደን መለየት ይቸግረዋል። እንግዲህ አንድ ገበሬ ያረጀውን የጥላ ዛፍ ቈርጦ በምትኩ ወጣት ዛፍ ቢተክል፥ በካርታው ላይ ደን መንጣሪ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ሽማግሌው ጎረቤቴ ይህን ቢሰሙ የሚሉትን አላውቅም። ዛፉን የተከሉት አባታቸው ናቸው፤ ይህንንም መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የመንደሩ ዕውቀት ግን ስድስት የነጥብ ቤት የለውም።

ከዚህ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ መምህራኖቻችንና ጓደኞቼ ቢከራከሩበት እወዳለሁ። መሬቱ ከተለካ በኋላ ቍጥሩ የማን ነው? ላኪው ገንዘቡን አውጥቶ ካስለካና መዝገቡን በራሱ ዘንድ ብቻ ካስቀመጠ፥ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ልሽጥ ቢል ማረጋገጫው በእጁ የለም። በእኔ አስተያየት መዝገቡ በገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር ዘንድ መቀመጥ፥ ግልባጩም በገበሬው እጅ መሆን አለበት። በዚሁ ግልባጭ ላይ አንድ ሌላ ዐምድ ቢጨመር ደግሞ ወጪው ከወረቀት አይበልጥም፤ ባለፈው መከር የዚያ ሳምንት ቡና በቅምሻ ስንት እንዳገኘ፥ ምን ነቀፋ እንደ ተገኘበት በሚያውቁት ቋንቋ የሚጻፍበት ዐምድ ነው። ላኪው የገበሬውን መሬት ለማወቅ እስከ ማሳው ከመጣ፥ በባዶ እጁ የሚመጣበት ምክንያት አይታየኝም። አንዳንዶች ገበሬው ቢነገረውም አይገባውም ይላሉ። ስለ ድልድዩና ስለ ጎርፉ የሰማሁትን ከላይ ስለ ጻፍሁ ለዚህ መልስ አልሰጥም።

ወደ ትምህርቴ ከመመለሴ በፊት እንደ ገና ወደዚያ ጣቢያ ሄጄ ነበር። ኃላፊው የገበሬዎቹን ዝርዝር አሳየኝ፤ አዲስ መዝገብ ነው፥ መስመሩም በጥንቃቄ ተሰምሯል። የሽማግሌው ጎረቤቴ ስም በአራተኛው ገጽ ላይ አለ። ከስማቸው ቀጥሎ የመሬቱ ነጥብ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው፤ «ለኪዎቹ ወደዚያ ቀበሌ ገና አልወጡም፥ መኪና የሚያደርስ መንገድ ሲገኝ ይሄዳሉ» አለኝ። መከሩ የሚጀምረው በጥቅምት ነው።